ዳቦውን ማን ይቁረስ?

ሽማግሌው ከሸሚዛቸው ቁልፎች ጋር ትግል ከጀመሩ 14 ደቂቃ ሆኗቸዋል። ቀኝ እጃቸውን ስትሮክ ይዞታል። በግራ እጃቸው ሁለቱን ቆልፈዋል። ሦስተኛው ግን ከቀዳዳው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፤ እንደገና ደርሶ ይመለሳል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ፊት ለፊታቸው የቆመው ወጣት ጎንደር ተወልዶ ያደገ ነው። እንደታዘዘው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ለመቆም ሞከረ። አልቻለም። ጎንበስ አለና የቀሩትን ሦስት ቁልፎች ባንዴ ቆለፈላቸው። ሽማግሌው በትሕትና አመሰገኑት፤ እሱም ደስ አለው። የምታሠለጥነው ባለሙያ ግን ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብላ አንዲት ጥያቄ ጠየቀችው።

«ሸሚዙ የማን ነው?»

ነገሩ የሆነው ጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ቦታው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ያለችው ኪንግስተን ከተማ። ልጁ አገር ቤት ፊዚዮቴራፒ ተምሮ ጥቂት ዓመት ሠርቷል። ወደ ካናዳ የሄደው ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ሙያ ሊማር ነው፤ ይህ ደግሞ የስምንት ሳምንት የሆስፒታል ልምምዱ ሦስተኛ ቀን ነበር። ስሙ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም።

ስለ ሙያው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እናቱ እንኳ እስካሁን በቅጡ አልገባቸውም። «ኦኪዩፔሽን» ሲባል ሥራ ማለት መስሏቸው ልጃቸው የታመመ ሰው ሥራ የሚያስቀጥር መሥሪያ ቤት ውስጥ የገባ ይመስላቸዋል። ቃሉ በዚህ ሙያ ውስጥ ሰፊ ነው። የሰውን ቀን የሚሞላ ነገር ሁሉ በውስጡ ይገባል፦ ፊት መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ቡና ማፍላት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ እርሻ ማረስ፣ ልጅ ማዘል። ፊዚዮቴራፒስቱ «ክንድህ ስንት ዲግሪ ይነሣል?» ብሎ ይለካል። ይኼኛው ደግሞ «ክንድህ ቢነሣ ምን ልታደርግበት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሙያው ማኅበር ሆኖ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1917 በኒው ዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን ሐኪም ሳይሆን አርክቴክት ነበር። ታሞ የእግሩ ክፍል ተቆርጦ፣ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ በእጅ ሥራ ራሱን መልሶ ያቆመ ሰው ነው። ሙያውን ያስፋፋው ግን ጦርነት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እጅና እግራቸውን ጥለው የተመለሱ ወጣቶች ሲበዙ፣ «ቁስሉስ ዳነ፤ ሰውዬውስ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ዛሬ የዓለም አቀፉ ማኅበር መለኪያ አንድ ተማሪ ለመመረቅ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ከታካሚ ጋር በተግባር እንዲለማመድ ያዛል። የጎንደሩ ልጅ እነዚያን ሰዓታት እየቆጠረ ነበር።

*

ቀኑ የሚጀምረው በጨለማ ነው። በጥር ወር ኪንግስተን ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ሰው ሥራ ለመግባት መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው። ልጁ ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሱሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ የተመረቀ ተማሪ የወረሰውን ካፖርት ደራርቦ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን ብርዱ አፍንጫው ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያደርቀው ነስር የያዘው መስሎት ደንግጦ ነበር።

አውቶቡሱ ሲመጣ የሚያየው ነገር በየቀኑ ይገርመዋል። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ፌርማታው ላይ ካለ አውቶቡሱ እንደ ግመል በርከክ ይላል፤ መወጣጫው ይዘረጋል፤ ሰውዬው ይገባል፤ ቦታው ላይ ይቆማል። የሚያጨበጭብ የለም፤ ከንፈር የሚመጥም የለም። በመጀመሪያው ወር «እዚህ አገር አካል ጉዳተኛ እንዴት ይበዛል!» ብሎ ለጓደኛው ተናግሮ ነበር። ቆይቶ ሲያስበው አፈረ። የበዛው መንገድ ላይ የሚታየው ነው። ጎንደር ውስጥ ያሉት የት እንዳሉ ያውቃል፤ ሙያው ነውና በየቤቱ ገብቶ አይቷቸዋል። ከውስጥኛው ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አልጋ ላይ ናቸው።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ያስቸገረው ነገር ሌላ ነው። የምታሠለጥነው ሴት የእናቱ እኩያ ናት፤ «በስሜ ጥራኝ» ትለዋለች። እንግሊዝኛ «አንቱ» የለውም። የሰባ ስምንት ዓመቱን ሽማግሌም ሁሉም በስማቸው ነው የሚጠሯቸው። ልጁ አፉ እሺ ቢልም ጉልበቱ እምቢ አለ፤ ሽማግሌው ወደ ክፍሉ በገቡ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል። ሽማግሌው አንድ ቀን ሳቅ ብለው «ልትሄድ ነው እንዴ?» አሉት። ተነሥቶ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ አስረዳቸው። ከዚያን ቀን ወዲያ እሱ ሲገባ እሳቸውም ትንሽ ከፍ ለማለት ይሞክሩ ጀመር። አሠልጣኟ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፦ «ከመቀመጫ የመነሣት ልምምድ፣ በራስ ተነሳሽነት»።

ከሁሉ የከበደው የወጥ ቤቱ ፈተና ነው። ማገገሚያ ሆስፒታሉ ውስጥ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የዕቃ ማጠቢያ ያለው እውነተኛ ወጥ ቤት አለ። ታካሚው ሻይ ያፈላል፣ ዳቦ ይጠብሳል፤ ተማሪው ቆሞ ያያል። ምድጃውን ማጥፋቱን ያስታውሳል ወይ? የፈላውን ውኃ እንዴት ያነሣል? አሠልጣኟ «ከመመዘንህ በፊት ራስህ ሠርተህ አሳየኝ፤ በአንድ እጅህ ብቻ» አለችው።

ልጁ 29 ዓመቱ ነው። እናትና ሦስት እኅቶች ባሉበት ቤት አድጓል። ሻይ አፍልቶ አያውቅም። ዳቦውን አሳረረ፣ ቅቤውን ሲቀባ ሳህኑ ከጠረጴዛው ሸሽቶ ወደቀ፤ ውኃውን ሳያፈላ ሻይ ቅጠሉን ጨመረ። ሽማግሌው ከዊልቸራቸው ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። አሠልጣኟ ግን አልሳቀችም። ከሳህኑ ሥር የሚነጠፍ የማያንሸራትት ላስቲክ አሳየችው። ከዚያ ደግሞ አንድ የእንጨት ጣውላ አወጣች፤ መሐሉ ላይ ሁለት ምስማር ሽቅብ ቆሟል፤ ጠርዙ ላይ እንደ ክፈፍ ያለ ነገር አለው። ድንቹ ወይም ዳቦው ምስማሩ ላይ ይሰካል፤ ያኔ አንድ እጅ ይበቃል። «ይኼን ማንም አናጢ ይሠራዋል» ብሎ አሰበ ልጁ። ይቺን ሐሳብ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

*

የሰዓቱ ነገርም አለ። የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ለመመዘን ሞንትሪያል ውስጥ የተሰናዳ፣ ከ30 የሚታረም ዝነኛ ፈተና አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ክብ ሰዓት ሥሎ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ልጁ ፈተናውን ሲለማመድ እናቱ ትዝ አሉት። እናቱን «11 ሰዓት ከ10» ቢሏቸው የሚያስቡት ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የግድግዳ ሰዓታቸው በአገር ቤት አቆጣጠር ተሞልቶ እንደሆነ አጭሩ ዘንግ 11 ላይ ይሆናል፤ የልጃቸውን የእጅ ሰዓት ያዩ እንደሆነ ግን 5 ላይ ነው። የትኛው ነው ትክክል? እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ ሴት ክብ መሣል ካቃታቸው ያቃታቸው አእምሯቸው ነው ወይስ እርሳሱ? ይኼንን ለአሠልጣኟ ሲነግራት «ይኼን ጥያቄ ይዘህ ተመለስ፤ ፈተናውን ይዘህ ግን አትመለስ» አለችው።

ከሁሉም የምዘና ወረቀቶች ልጁ የወደደው አንድ ነው። ካናዳውያን የሙያው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት፣ እንደ ቃለ ምልልስ የሚሞላ ቅጽ ነው። ታካሚውን «ልታደርገው የምትፈልገው፣ ማድረግ ይጠበቅብኛል የምትለው፣ አሁን ግን ያቃተህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው ከሚዘረዝራቸው ውስጥ ዋና ዋናዎቹን እስከ አምስት ይመርጣል። ለእያንዳንዱም «አሁን ምን ያህል እችለዋለሁ? ምን ያህልስ ረክቻለሁ?» ብሎ ከ10 ነጥብ የሚሰጠው ሐኪሙ ሳይሆን ራሱ ነው።

ልጁ ለሽማግሌው ጠየቃቸው። ከከተማው ፊት ለፊት ካለው ደሴት የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያልቡ የኖሩ ገበሬ ናቸው። መራመድ ይላሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። መኪና መንዳት ይላሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና «ሸሚዜን ራሴ መልበስ» አሉ። ለምን? «ባለቤቴ ሚስቴ ሆና እንድትቀር ነው። ነርሴ እንድትሆን አልፈልግም።» ለእርካታቸው የሰጡት ነጥብ ከ10 ሁለት ነበር።

ልጁ ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደውም።

*

ምክንያቱም ይኼ ሰው ለልጁ አዲስ አይደለም። ጎንደር ውስጥ፣ አባቱ ቤት፣ ቀኝ ጎናቸው የተያዘ ሌላ ሽማግሌ አሉ። ስትሮክ ከመታቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ፊዚዮቴራፒስት ልጅ ስለነበራቸው እግራቸው ደህና ተሽሏል፤ በምርኩዝ ደጅ ይወጣሉ። ከዚያ በቀር ግን ምንም አያደርጉም። ሴት ልጆቻቸው ያለብሷቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል፣ ፊታቸውን ያጥቧቸዋል። ጎረቤት ሲገባ «ተመስገን፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥ!» ብሎ ይመርቃል። ልጁም ያኔ አጉራሽ ነበር። ይኼ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ማንም ክፉ አልሠራም። ግን አራት ዓመት ሙሉ «ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ባለሙያ ልጃቸውም ጭምር አልጠየቃቸውም።

ከአገር ቤት ጋር የሚገናኘው እሑድ በእሑድ ነው፤ እሱ ዘንድ ሊነጋ ሲል እነሱ ዘንድ ቀን 8 ሰዓት ይሆናል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር በቪዲዮ መተያየት የለም፤ በመደበኛ ስልክ፣ ውድ በሆነ ደቂቃ፣ መስመሩ ከገባ ብቻ ነው። ያን እሑድ እናቱ «እዚያ ምን ያስተምሩሃል?» አሉት። «የታመመ ሰው በራሱ እንዲሠራ መተውን» አላቸው። እናቱ ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ ልጅ የሚወለደው ለምንድን ነው?» አሉ።

መልስ አልነበረውም። አሁንም ሙሉ መልስ ያለው አይመስልም።

መልስ ያጣው ደግሞ ያየውን ስላየ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ሽማግሌው ሸሚዛቸውን በዘጠኝ ደቂቃ መልበስ ቻሉ፤ ቁልፉን ከቀዳዳው ስቦ የሚያወጣ፣ እጀታ ያለው ቀጭን ሽቦ ረድቷቸዋል። ልጁና አሠልጣኟ በነፃ በሚያሻግረው ጀልባ ደሴቱ ላይ ወዳለው ቤታቸው ሄዱ። የበሩን ደፍ ለኩ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት የት እንደሚገባ ምልክት አደረጉ። ባለቤታቸው ጠረጴዛው ዳር ቆመው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው፣ ባላቸው ሻይ ሲቀዱ ላለመርዳት ሲታገሉ አያቸው። ሻዩ ፈሰሰ፤ ግማሹ ግን ኩባያው ውስጥ ገባ። ትልቅ ድል ነበር። ሲወጡ ግን ሴትየዋ በር ላይ «ሆስፒታል እያለ እንኳ በየቀኑ ሰው ያየው ነበር፤ እዚህ እስከ ፀደይ የሚመጣ የለም» አሏቸው።

ልጁ ጀልባው ላይ ሆኖ በረዶ የሠራውን ሐይቅ እያየ የአባቱን ሳሎን አሰበ። ባዶ ሆኖ አያውቅም። ማኅበርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ የንስሐ አባታቸው፣ የቡናው ሰው። አንደኛው ሽማግሌ ሸሚዝ አላቸው፤ ሰው የላቸውም። ሌላኛው ሰው አላቸው፤ ሸሚዛቸው ግን የእሳቸው አይደለም። ፈረንጁ ጨካኝ፣ ሐበሻው ደግ የሚባለው ወግ እዚህ ላይ አይሠራም። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ፈረንጁ የሠለጠነ ሐበሻው ኋላ ቀር የሚለውም አይሠራም።

*

በሚቀጥለው እሑድ ስልኩን ለአባቱ እንዲሰጡለት ለመነ። ቅጹን ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ በልቡ እየመለሰ ጠየቃቸው። «አባባ፣ አሁን ቢሆንልኝ ብለው የሚመኙት፣ ማድረግ የሚፈልጉት ነገር ምንድን ነው?»

«ምን ጎደለብኝ ልጄ፤ ተመስገን ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ቢችሉ?»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስል ዝም አሉ። ከዚያ «ዳቦ መቁረስ» አሉ።

መብላት አላሉም። መቁረስ ነው ያሉት። የበዓል ድፎ ዳቦ ባርኮ የሚቆርሰው አባወራው ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ በፋሲካውም በገናውም በእንቁጣጣሹም፣ ዳቦውን የሚቆርሰው አጎትየው ነበር። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ይጎርሱ ነበር። ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

ታዲያ በግራ እጅዎ ለምን አይቆርሱም? ሲላቸው ቆጣ አሉ። «በግራ እጄ ገበታ ልነካ?» እዚህ ላይ ነው የካናዳው ትምህርት ያለቀው። የትኛውም መጽሐፍ ግራ እጅን ማሠልጠን ነው የሚያስተምረው፤ ግራ እጅ ከገበታ መራቅ እንዳለበት የሚያውቅ መጽሐፍ የለም። አባትየው አራት ዓመት ሙሉ የጎረሱት እጃቸው ስላልቻለ ብቻ አልነበረም። እጃቸው ነውር ስለሆነባቸው ነው።

ያን ዓይነት ቋጠሮ የሚፈታው ቴራፒስት አይደለም። እናትየው የንስሐ አባታቸውን አማከሩ። ቄሱ ሳቅ ብለው «ታዲያ የቀረዎት እጅ እሱ አይደል?» አሏቸው አሉ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ያለ አናጢ ተጠራ። ልጁ ልኩን በስልክ ነገረው፦ ጣውላው ይኼን ያህል፣ ምስማሩ ሁለት፣ ዝገት የሌለው፣ ጠርዙ ላይ ክፈፍ። እኅትየዋ ደግሞ የቤት ሥራ ተሰጣት፤ ከባዱ የእሷ ነበር። በየቀኑ ዳቦና ቢላ ፊታቸው አስቀምጣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ መቆም። የመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰች። ጎረቤት «ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ጨከነች» ማለቱ አልቀረም።

*

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ወረቀቱ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። ጅምሩ የሚያስደስት ነው።

ግን ቁጥሩን ትተን መንገዱን እንይ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ፣ ከዚያም በኋላ በቀጠለው ግጭት፣ እጅና እግራቸውን ያጡ ወጣቶች በየቤቱ ተቀምጠዋል። ትግራይ ውስጥ አሉ፣ አማራ ውስጥ አሉ፣ አፋርና ኦሮሚያ ውስጥ አሉ። የታደለው ሰው ሠራሽ እግር ያገኛል። ከዚያስ? ገበሬው በአንድ እጁ እንዴት ይጠምዳል? ሴትየዋ በአንድ እጇ እንዴት ትጋግራለች? መምህሩ ሦስት ፎቅ በደረጃ ብቻ የሚወጣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ያስተምራል? እነዚህን መጠየቅ የአንድ ሙያ ሥራ ነው፤ ያ ሙያ ግን በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሥራ መደብ ላይ ስሙ እንኳ የለም። መንግሥት ተመራቂዎቹን ከጤና ተቋማት መዋቅር ውስጥ ካላስገባቸው፣ ያ ሁሉ ትምህርት ተመልሶ የሚሄደው ወደ ኪንግስተንና ወደ ቶሮንቶ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመንግሥት አይደለም፤ የየቤታችን ነው። ማጉረስን ተው ማለት አይደለም። ከማጉረስ በፊት መጠየቅ ነው። አንድ ሰው ሲታመም ከእጁ ላይ የምንቀበለው ሥራ ሁሉ ለእሱ ሸክም ነበር ብለን እናስባለን። አንዳንዱ ሸክሙ ሳይሆን ክብሩ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

*

ልምምዱ በመጋቢት አለቀ። ሽማግሌው ከቤታቸው ሆነው ለእርካታቸው ከ10 ሰባት ሰጡ። ልጁ እሳቸውን ለመሰናበት ሲነሣ እሳቸው ቀድመው ተነሥተው ነበር።

ሚያዝያ 27፣ የፋሲካ ዕለት፣ ኪንግስተን ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። ጎንደር ረፋዱ 3 ሰዓት ነው። ምስል የለም፤ ድምፅ ብቻ። እኅቱ ስልኩን ገበታው አጠገብ አስቀምጣዋለች። ቤቱ ሙሉ ሰው እንዳለ ከጫጫታው ይሰማል። ከዚያ ጫጫታው ቀስ እያለ ጠፋ።

ዳቦው ምስማሩ ላይ ተሰክቷል። አባትየው የማይታዘዘውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ዳቦው ላይ አሳረፉት፤ ምርቃቱ በቀኝ እጅ ሆነ። ቢላውን በግራቸው ያዙ። ይኼን ኋላ እኅቱ ናት የነገረችው። ልጁ የሰማው ቢላው ቅርፊቱ ላይ ሲንኳኳ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲንኳኳ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። አንድ ልጅ «ራበኝ» ሲል፣ ሌላ ሰው «እሽ!» ሲለው ሰማ። አጎትየው «ልርዳህ?» ሲሉም ሰማ።

«ተወው» አሉ እናቱ። «እሱ ይቁረሰው።»